በጭስ የጠቆረው ማሽላ

አምና በሚያዝያ የሆነ ነው። ዛሬም ወፍጮ ቤት ደጃፍ ስደርስ ፊቴ ይግላል።

የምኖረው ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ማሳውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ በልጉ ከከዳን ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ወንዙ ቀጥኗል፣ ገበያው እሳት ነው፣ በሬያችንንም ሸጠን በልተናል። ቤት የቀረው እህል ከምድጃው በላይ የሰቀልኩት የደጋሊት ዘር ብቻ ነበር። ደጋሊት ቶሎ የማይደርስ የአገራችን ማሽላ ነው፤ ለዘር የተመረጠውን ዛላ ነቀዝ እንዳይበላው ጭስ ላይ እናቆየዋለን።

አንድ ጠዋት የልጆቼን ፊት አየሁና አወረድኩት። ወቅቼ፣ አበጥሬ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ «ከላይ የሚሰማ ከሌለ ለማን ነው የማስቀምጠው?» እያልኩ ነበር። አልዋሽም፣ ጸሎትም ትቼ ነበር።

ተራ ስጠብቅ ከኋላዬ ያለችው ሴት አሸተተችና «ምነው እታለም፣ ምድጃሽንም ይዘሽ መጣሽ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

ባለወፍጮው ሼህ ሰይድ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ከከረጢቱ እፍኝ አወጡ። ጥላሸቱ መዳፋቸው ላይ ቀረ። ሞተሩን አጠፉት።

«ይሄ ዘር ነው።»

«አዎ።»

«ወላሂ አልፈጨውም። አባቴም ዘር ፈጭተው አያውቁም።»

ንዴቴ ገነፈለ። «ታዲያ ልጆቼ ምን ይብሉ? እስቲ አንቱ ይንገሩኝ!»

እሳቸው ባዶ ቁና አመጡና ሴቶቹ መሃል አስቀመጡት። ቀድማ የጨመረችው ያችው ቀልደኛዋ ናት፤ ሁለት ጣሳ በቆሎ። ሌላዋ ስንዴ፣ ሌላዋ ማሽላ። ቁናው ሞላ። ሼህ ሰይድ ድብልቁን ፈጭተው ሲሰጡኝ፣ «ዝናቡን አንች አታዘንቢም፣ የአላህ ነው። ዘሩ ግን እጅሽ ላይ ነው። ሂጅ ዝሪ» አሉኝ።

እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። በወሩ መጨረሻ ጠብ ያለችውን ዝናብ ተከትዬ፣ ጎረቤቴ አርሶልኝ፣ «በስመ አብ» ብዬ ዘራሁት። ዝናቡ ቶሎ ተቋረጠ። ከበቀለው ግማሹ ደረቀ፣ ግማሹ ደረሰ።

ዘንድሮም ሰማዩ ያው ነው። ደክሞኛል። ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው። ግን ጠዋት ስነሳ እጸልያለሁ። በቆሎ የሰጠችኝን ሴት ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ «አንተ ታውቃታለህ» እላለሁ። ስለ ዝናቡ ስጸልይ አንዳንዴ ቃል ያጥረኛል። ስለ እሷ ስጸልይ ግን አጥሮኝ አያውቅም።