ሠላሳ ዘጠኝ ወይስ ሠላሳ አራት

የልጅ ልጄ አርሴማ ተቀምጣም እግሯ አያርፍም። ምሳ ስትበላ ጉልበቷ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ተኝታ እንኳ ብርድ ልብሱን ትራገጣለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ በሳይክል የሚወዳደሩ ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ አንዷ እሷ ናት። አባቷ ቄስ ወልደተንሣኤ ልጄ ነው። ሳይክሉን አይወደውም፣ አይከለክላትምም። ስትወጣ መስቀሉን ግንባሯ ላይ ያሳርፍና ፊቱን ያዞራል።

በግንቦት የዞኑን ቡድን የሚመርጥ ውድድር አለ ተባለ። ሜዳውን ጨርሰው፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው ወደ ደብረ ሲና ይወርዳሉ። ከዚያ ዳገቱን ተመልሰው ወጥተው ዋሻው አፍ ላይ ይጨርሳሉ። ከሴቶቹ የሚመረጡት አራት ናቸው። አርሴማ ዓምና አምስተኛ ወጥታ ቀርታለች።

«ዘንድሮ ካልገባሁ ሳይክሉን እሸጠዋለሁ፣ እምዬ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረም።

ሳይክል ጠጋኙ ባየው ሁለት ዓይነት የፊት ጥርስ ነበረው፤ ፔዳሉ የሚታሰርበትን፣ ሰንሰለቱን የሚጎትተውን ክብ ብረት ማለቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ቁጥር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። በአንዱ ክብ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ፣ በሌላው ሠላሳ አራት ተቀርጿል፤ የጥርሱ ብዛት ነው። ጥርሱ ሲበዛ አንዴ ሲረገጥ ሩቅ ይወስዳል፤ ግን እግር ይበላል። ሲያንስ ዳገቱ ይቀላል፤ በሜዳ ግን ወደ ኋላ ያስቀራል።

አርሴማ ሠላሳ ዘጠኙን አሳስራ ጣርማ በርን ወጣችበት። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለ። ጠዋት ጠዋት ወተትና እንቁላል አበላት ነበር። እየሳቀች ተመለሰች።

«ይቺ ናት ጋሽ ባየው! እንዳትፈታት!»

ከዚያ ውድድሩ ወደ ሰኔ ተላለፈ። የሐዋርያት ጾም ገባ። ጓደኞቿ አይጾሙትም፤ እሷ ግን የቤቷን ሥርዓት አትተውም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም።

«የቄስ ልጅ፣ ዘንድሮ ዳገቱን በጸሎት ነው የምትወጪው?» ይሏታል።

አንድ ረቡዕ ልምምድ ሄዳ ጭቃ በጭቃ ሆና መጣች። ዳገቱ መሃል ላይ አቅቷት ከሳይክሉ ወርዳ ገፍታዋለች።

«ንስሐ አባትሽን ብትጠይቂያቸውስ?» አልኳት። «ለስፖርተኛ ይፈቅዱ ይሆናል።»

«ይፈቀድልኝ ብላቸው ጠገብሽ አይሉኝም?» አለችና ጓሮውን ትዞር ጀመር። «ጥፋቱ የጾሙ አይደለም፣ እምዬ። ጥርሱን የመረጥኩት ጠግቤ ነው። የምወዳደረው ግን በጾም ነው።»

ወዲያው ሠላሳ አራቱን ለማሳሰር ባየው ዘንድ ሄድን። ክቡን ብቻ መለወጥ አይቻልም፤ የፔዳሉ ክንድ አብሮ ይወጣል፣ ሰንሰለቱም ማጠር አለበት።

«በዚች ትንሽ ጥርስ ሜዳው ላይ እግርሽ እንደ ወፍጮ ይዞራል፤ ባለጋሪ ነው የሚያልፍሽ» አላት።

«ይለፈኝ።»

«ንፋሱንስ? አሠልጣኝሽ ምን ይለኛል?»

«እሱ ይንዳት በለው!»

ባየው ሳቀና ፈታው። በማግሥቱ ሄዳ ሠላሳ ዘጠኙን መልስልኝ አለችው፤ መለሰላት። ማታ ደግሞ እንደገና አስፈታችው። «እማማ፣ ብሎኑ አለቀ በሉልኝ» እያለ ለመነኝ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ንፋሱ ቆርቆሮውን ባንቀጫቀጨው ቁጥር ሜዳው ላይ ብቻዋን የቀረች ይመስለኛል። በመጨረሻ ሠላሳ አራቱ እንደታሰረ ቀረ።

ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መብላት አይከለከልምና በሶ በጥብጬ አጠጣኋት። እኔና ባየው በሚኒባስ ቀድመን ዋሻው አፍ ላይ ቆምን። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ቁልቁል ሲያልፉ ከሁሉም ኋላ የነበረችው እሷ ናት፤ እግሯ ይሽከረከራል፣ ሳይክሉ አይከተላትም። ባየው መሬት መሬት አየ። እኔ ነጠላዬን እየፈታሁ አጣፋሁ፤ እንደገና ፈታሁ።

ስንጠብቅ ቆይተን አንዷ ከጉሙ ወጣች። ሌላዋ ተከተለች፤ ሦስተኛዋም። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ።

«አራተኛዋ የት ቀረች?» አለ ባየው።

ሁለት ጥላ አንድ ላይ ብቅ አለ። አንደኛዋ ቆማ እየረገጠች ከዳር ዳር ትንገዋለላለች፤ እያንዳንዱ ርግጫ ከመሬት ድንጋይ እንደ መንቀል ሆኖባታል። ሌላዋ ተቀምጣለች፤ እግሯ ቶሎ ቶሎ፣ ቀለል ብሎ ይዞራል። አርሴማ ናት! የመጨረሻው ኩርባ ላይ አልፋት መጣች።

መስመሩን ካለፈችም በኋላ አላቆመችም። ባየው ሮጦ መሪውን ያዘላት። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጭኗ ይንቀጠቀጣል።

«ስንተኛ ነኝ? እምዬ፣ ስንተኛ ነኝ?»

አራት ጣቴን አሳየኋት። እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠረችና አላመነችም፤ ደግማ ቆጠረች። ከሳይክሉ የወረደችው ከዚያ በኋላ ነው።