በመቀነት የለካሁት ዱባ

ልጅ ሳለሁ በቢቸና ከእኔ የባሰ ቀጣፊ አልነበረም። አያቴ አባባ አለኸኝ ይኸን ቢሰሙ «ቀጣፊውን ሁሉ አይተሻል?» ብለው ያፋጥጡኝ ነበር።

ያኔ ሲመሽ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ኩራዙም እየተንቀጠቀጠ፣ ተረት የሚያወሩልን እሳቸው ነበሩ። ከፍሙ ዳር፣ ከጎናቸው፣ አንዲት በርጩማ አለች፤ አሳምሮ ያወራ ልጅ ይቀመጥባታል። ግን ሕግ አላቸው፦ «ይበልጣል» ያለ ከምን እንደሚበልጥ ይናገራል፤ «ከሁሉ ይበልጣል» ያለ ደግሞ ሁሉንም ማየት አለበት። በርጩማዋ ላይ የአጎቴ ልጅ ደምስ ተጎልቶ ከረመ። እኔ በሩ ጋ ተቀምጬ ብርዱ ጀርባዬን ይገርፈኛል።

አንድ ምሽት አላስችል አለኝና «ከመንደሩ ዱባ ሁሉ ትልቁ የእኔ ነው!» አልኩ። ጓሮ የተከልኩት ነበረኝ።

«የማንን አይተሽ?» አለ ደምስ። «አንች ከዚህ ደጅ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

በማግስቱ የእናቴን መቀነት ይዤ ጓሮ ለጓሮ ስዞር አረፈድኩ። የእኔ ሁሉንም በለጠ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ዘንድ ስደርስ ግን መቀነቱ አጠረ። ምኑ ዱባ ነው፣ በር ቢወጣለት ሰው ከነከብቱ ያድርበታል! አልቅሼ ልመለስ ስል አንድ ነገር ታየኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ የዱባ ወጥ ቢሠሩ ምን አለበት?»

ሲመሽ «ሁሉንም ለካሁ፤ ከእኔ የሚበልጥ የለም» ብዬ በርጩማዋ ላይ ዘፍ አልኩ። ገና ሳልሞቅ እትዬ ጥሩነሽ ድስት ተሸክመው ከተፍ።

«ይች ልጅ ነዝንዛ ነዝንዛ ትልቁን ዱባዬን አስቆረጠችኝ። ብቻዬን አልጨርሰው፣ ብሉልኝ።»

አባባ ዞረው አዩኝ። «ይኸ ካንች ይበልጥ ነበር?»

«እስከ ቀትር ድረስ» አልኳቸው።

ሳቁ፣ ሳቁ፣ አመዱ ቦኖ ቤቱን እስኪሞላው ሳቁ። ደምስ ግን «ቀጣፊ! ከሁሉ የባሰች ቀጣፊ!» ብሎ ጮኸ።

«ሁሉንም አላየሁም» አሉ አባባ፤ «ካንተ ግን ትበልጣለች። አንች፣ አትነሽ።»

ትናንት እዚህ ሞጣ፣ አስተማሪዋ የልጅ ልጄ ለተማሪዎች መዝገበ ቃላት ስታዘጋጅ «እማማ፣ ‹ይበልጣል›ን እና ‹ከሁሉ ይበልጣል›ን እንዴት ላስረዳቸው?» አለችኝ።

«ለአንደኛው ሁለት ዱባ ጎን ለጎን አስቀምጭላቸው። ለሌላው መንደሩን ሙሉ ዙሪ፤ መቀነት እንዳትረሽ።»

እስከዛሬ በስንት ቤት እሳት ሞቅሁ። ከሁሉ የሚሞቀው የዚያች በርጩማ እሳት ነበር። «ሁሉንም ሞቀሻል?» ይሉኝ ነበር አባባ ቢኖሩ። አልሞቅሁም፤ የዛሬን ግን ይለፉኝ።