በተዘጋ ቦይ የጠጣ ስንዴ

ናጂሃ አብዱረህማን ቡሬ ባለ አንድ የግብርና ኮሌጅ ማስተማር ከጀመረች ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ተወልዳ ያደገችው መራዊ ነው። አባቷ አቶ አብዱረህማን እህልና ሽንኩርት ነጋዴ ስለሆኑ፣ የቆጋ መስኖ ቦይ መቼ እንደሚለቀቅና መቼ እንደሚዘጋ ከልጅነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምታለች። ውሃው ሲዘገይ አባቷ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ሲለቀቅ ደግሞ ለገበሬው ወዳጆቻቸው ሁሉ ስልክ ይደውላሉ። ግብርና ማጥናቷም ከዚያ ወዲያ ማንንም አላስገረመ።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ፍኖተ ሰላም ካለ የአንድ ጆርናል ቢሮ ኢሜይል ደረሳት። ጆርናሉን የሚያወጡት ጥቂት ኮሌጆች ተባብረው ነው። የቢሮው ሠራተኛ ካሰች የምትባል ልቅም ያለች ሴት ነች፤ አንድ ጽሑፍ ሲመጣላት የጸሐፊውን ስም፣ መሥሪያ ቤቱን፣ ከመጨረሻ ያለውን ምስጋና ሳይቀር አጥፍታ ለሁለት ገምጋሚዎች ትልካለች። ገምጋሚው ጸሐፊውን አያውቅም፤ ጸሐፊውም ማን እንደገመገመው አይነገረውም። ክፍያ የለውም፤ ሰው የሚሠራው ነገ የእሱንም ጽሑፍ የሚያነብለት ሰው ስለሚፈልግ ነው።

ጽሑፉ ስለ ቆጋ መስኖ ስንዴ ነበር። ስንዴውን በየስምንት ቀኑ ማጠጣቱ ቀርቶ በየአሥራ ሁለት ቀኑ ቢጠጣ ምርቱ አይቀንስም፤ ከውሃው ሩቡ ይተርፋል ይላል። ናጂሃ ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳትጨርስ የራሷ ሥራ ትዝ አላት። እሷም በዚሁ ጉዳይ ሁለት በጋ ለፍታበታለች፤ የእሷ ውጤት ደግሞ ምርቱ ይቀንሳል የሚል ነው። በከፊል የተጻፈ ጽሑፏ እዚያው ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጧል።

እንዲያም ሆኖ ማንበቧን ቀጠለች። ሦስተኛው ሰንጠረዥ ማሳዎቹ ውሃ የጠጡበትን ቀን ይዘረዝራል። «ጃንዋሪ 6» የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ጃንዋሪ 6 ታኅሣሥ 28 ነው፤ የገና ዋዜማ። አምና ያን ዕለት ወንድሟ ያህያ መራዊ ላይ ሲዳር ሙሽራ ይዘው የመጡት በዚያው ቦይ ላይ ባለው ድልድይ ነበር። ቦዩ ደርቆ ገበሬዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው በአካፋ ደለል ሲያወጡ፣ ለሙሽሮቹም አካፋቸውን አንሥተው እልል ሲሉ በዓይኗ አይታለች። ለማረጋገጥ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ፣ አምና በገና ሰሞን ቦዩ የተዘጋው ከመቼ እስከ መቼ ነበር?»

«ከታኅሣሥ ሃያ አምስት እስከ ጥር አምስት» አሉ አቶ አብዱረህማን ሳያመነቱ። «የጠዋት ጀምበር እንኳ እንደዚያ ቦይ አላስጠበቀችኝም። ምነው?»

«እንዲያው ነው አባዬ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግምገማዋን ጻፈች። የግምገማው ቅጽ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለጸሐፊው የሚደርስ፣ አንዱ ዋናው አዘጋጅ ብቻ የሚያነበው። ለጸሐፊው የማሳዎቹን ቁጥር፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የአየር ንብረት መረጃውን የሚመለከቱ ሰባት ጥያቄዎች አስቀመጠች። ለአዘጋጁ ግን እንዲህ አለች፦ «ይህ ሰው ማሳ ላይ አልነበረም። ቦዩ ተዘግቶ ሳለ ስንዴ አጠጣሁ ይላል። መረጃው ወንበር ላይ ተቀምጦ የተፈጠረ ስለሆነ ጽሑፉ ይውደቅ።» ላከችው። ስትልከው ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን በኋላ ራሷም አልካደችውም።

በሳምንቱ ዋናው አዘጋጅ ዶክተር እንዳለው ደወሉላት። ፍኖተ ሰላም ብቅ ማለት ትችል እንደሆነ ጠየቋት። በማግስቱ ሚኒባስ ይዛ ሄደች።

ዶክተር እንዳለው ሽበታቸውን አጭር አድርገው የተከረከሙ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ጠባብ ነው፤ በአንዱ ጥግ ካሰች ተቀምጣ ትሠራለች። ሁለቱን ግምገማዎች ጎን ለጎን አትመው ጠበቋት።

«ሌላው ገምጋሚ በጥቂት እርማት ይውጣ ብለዋል» አሉ። «እርስዎ ይውደቅ ብለዋል። እኔ እንግዲህ ድምፅ ቆጥሬ አልወስንም፤ ይሄ ምርጫ አይደለም። የማየው ማን ምን ምክንያት አቀረበ የሚለውን ነው። የእርስዎ ምክንያት ከባድ ነው።»

«ቦዩ ደርቆ በዓይኔ አይቻለሁ ዶክተር። የወንድሜ ሠርግ ነበር።»

«እሱን አምኜዎታለሁ። ዳሩ ግን እዚህ የጻፉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቀኑ አይገጥምም የሚል ነው፤ እሱ አስተያየት ነው። ሌላው ሰውዬው ዋሽቷል የሚል ነው፤ እሱ ክስ ነው። ለክስ ደግሞ ተከሳሹ ይጠየቃል።» ወረቀቱን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩዋት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዚህ ጉዳይ የራስዎ ሥራ አለዎት?»

ካሰች መጻፏን አቆመች።

«አለኝ» አለች ናጂሃ። «ገና አልወጣም። ውጤቱ የዚህ ተቃራኒ ነው።»

«ይህን ጽሑፉን ሲቀበሉ ሊነግሩን ይገባ ነበር።»

«ይገባ ነበር።»

ዶክተር እንዳለው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻላት ነበር። ለካሰች ሦስተኛ ገምጋሚ እንድትፈልግ ነገሯት፤ ለጸሐፊውም የማሳ ማስታወሻ ደብተሩን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ፣ ምክንያቱም «ገምጋሚዎች የውሃ ቀኖቹን ማመሳከር ስለፈለጉ» መሆኑን ብቻ እንድትጽፍለት አዘዙ። ውሸት የሚል ቃል አንድም እንዳይገባ ደጋግመው አስጠነቀቁ።

ናጂሃ ወደ ቡሬ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ፊቷ ይግል ነበር። ማፈሯ አንድ ነገር ነው፤ ግን ልክ መሆኗን አልተጠራጠረችም። ደብተሩ አይኖርም፤ ቢኖርም ሰሞኑን የተጻፈ ይሆናል ብላ አሰበች።

ደብተሩ በአራተኛው ቀን መጣ። ካሰች ስም ያለበትን ቦታ ሁሉ በጥቁር ሸፍና አርባ ሁለት ፎቶ ላከችላት። ጭቃ የነካው፣ ጥግ ጥጉ የተጠቀለለ፣ አንዱ ገጽ ላይ ቀለሙ በውሃ የፈሰሰ ደብተር ነው። ናጂሃ የእርሻ ደብተር ታውቃለች፤ እንዲህ ያለው ወንበር ላይ አይሠራም። የተጻፈው በአማርኛ ነው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች የፈለገችውን ገጽ አገኘችው።

«ጥር 6። ሁሉም ማሳ ጠጣ። ቦዩ ትናንት ማታ ተለቀቀ፤ ስንዴው ጠውልጎ ነበር።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሌሎቹን ቀኖች ከሰንጠረዡ ጋር አንድ በአንድ አስተያየች። ታኅሣሥ 12 የነበረው ዲሴምበር 12 ሆኗል። ጥር 18 ጃንዋሪ 18። ሰውዬው ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞር የወሩን ስም ብቻ ቀይሮ ቀኑን እንዳለ ትቶታል። ታኅሣሥ ከዲሴምበር ጋር ዘጠኝ ቀን፣ ጥር ከጃንዋሪ ጋር ስምንት ቀን ይበላለጣሉ። ጥር 6 በፈረንጅ ጃንዋሪ 14 ነው፤ ቦዩ ከተከፈተ በማግስቱ። ሰውዬው ማሳው ላይ ነበር። እንዲያውም ስንዴው ሲጠወልግ ቆሞ አይቷል።

ናጂሃ ኮምፒውተሩን ዘግታ ተነሣች፤ ግቢው ውስጥ ተማሪዎቿ ያለሙትን የጎመን መደብ ሁለት ጊዜ ዞረችው። ክሷ በዶክተር እንዳለው እጅ ባይያዝ ኖሮ አንድ ሰው በሐሰተኛነት ስሙ ይነሣ ነበር፤ ከሳሹም ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይኖር ነበር። እናቷ ናዚፋ «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የምትለው ነገር ነበራት። እሷ የምትለቅመው ግን የሌላ ሰው እህል ነበር።

ተመልሳ ገብታ ሁለተኛ ግምገማ ጻፈች። ለአዘጋጁ፦ «የመጀመሪያውን ክሴን አንሥቻለሁ፤ ተሳስቻለሁ። መረጃው የማሳ መረጃ ነው።» ለጸሐፊው ደግሞ የቀን አቆጣጠሩን ስሕተት አስረዳች። ከዚያ በላይም አንድ ነገር አየች፤ የአየር ንብረት ጣቢያው ዝናብና ሙቀት የተመዘገበው በፈረንጅ ስለሆነ፣ ጸሐፊው ከማሳው ቀን ጋር ያጋጠመው ስምንትና ዘጠኝ ቀን አዛብቶ ነው። ስሌቱ ሁሉ እንደገና መሠራት አለበት። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀባት፤ ለራሷ ጽሑፍ እንኳ እንዲህ ተጨንቃ አታውቅም።

የዶክተር እንዳለው ውሳኔ «ከፍተኛ እርማት» የሚል ሆነ፤ ጽሑፉ አልጸደቀም፣ አልወደቀምም። ጸሐፊው በሁለት ወር አርሞ መለሰ። ስሌቱ ሲስተካከል የተረፈው ውሃ ከሩብ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ፤ ምርቱም በተወሰኑ ማሳዎች ላይ ጥቂት እንደሚቀንስ ታወቀ። ሦስተኛው ገምጋሚ ተስማማ፤ ጽሑፉም ግንቦት ላይ ወጣ። ናጂሃ የጸሐፊውን ስም ያወቀችው ያኔ ነው፦ የሽዋስ ይባላል፤ ከቋሪት ወረዳ፣ የገበዝ ማርያም ከተማ ልጅ ነው።

ሰኔ ላይ ቡሬ በተደረገ የመስኖ ዐውደ ጥናት አንድ ቀጭን ሰው ጥናቱን አቀረበ፤ የሽዋስ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ናጂሃ ሄዳ ስለ ማሳዎቹ ጠየቀችው። የሽዋስም፣ ማሳ ያየ ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት ማቆሚያ አጣ።

«አንድ ገምጋሚ ነበረኝ» አላት እየሳቀ። «ደብተርህን አምጣ ስላለኝ ሳምንት ሙሉ ረግሜዋለሁ። ኋላ ሳየው እኔ ነኝ ቀኑን ያበላሸሁት። ሰውዬው ባይኖር ይሄኔ መሳቂያ ነበርኩ። ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ አሳልፎት ነበር እኮ! እንዲያው ባገኘው ሳልስመው አልቀርም።»

ናጂሃ ፈገግ ለማለት ሞከረች። የገምጋሚ ስም እንደማይነገር ደንቡን ታውቃለች። ግን በዚያች ቅጽበት አፏን የያዘው ደንቡ ይሁን ኀፍረቱ አልለየላትም። እሱ የሚያመሰግነው ሁለተኛውን ግምገማ ነው፤ በመጀመሪያው የከሰሰችውን ክስ አያውቀውም።

«እኔም በዚሁ ጉዳይ የሁለት በጋ መረጃ አለኝ» አለችው። «ካንተ ውጤት ጋር አይገጥምም። የእኔ ማሳ አሸዋ ይበዛበታል፤ ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«ታሳይኛለሽ?»

«ደብተሩን ጭምር» አለች፤ ስልኳንም አውጥታ ቁጥሩን ጻፈች።