ወለሉን ያፈነው ሰው

እልል በሉ፣ ወለሉ አይነሳም! ዛሬ ከምሳ በፊት ተወሰነ፤ ተጽፎ ተፈርሞበታል። የምሥራቹ የማን ነው ብትሉ፣ የጋሽ ካልሲ ነው።

የወጣለትን ስም የሚጠራው የለም። የከተማውን የስፖርት አዳራሽ የእንጨት ወለል ሃያ ስምንት ዓመት ሲያጸዳና ሰም ሲቀባ አንድ ቀን እንኳ በጫማ አልረገጠውም። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል። የላላ ጣውላ ካለ በተረከዙ ያውቀዋል። ሚስቱ፣ እኔን እንዲህ ብታዳምጠኝ የት በደረስን፣ እያለች ትስቅበታለች።

አዳራሹ ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። መጋዘኑ ሲዘጋ ከተማው ወሰደውና መስኮት ወጣለት፣ መቀመጫ ተደረደረለት። ወለሉን ያነጠፉት የሚስቱ አባት ናቸው፤ በእጃቸው ሥራ የተመሰከረላቸው አናጢ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ከዚያ ወዲህ ያልተደረገበት ነገር የለም፤ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ቦክስ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ ሰርግ ሳይቀር። ጣሪያው አፈሰሰ፣ መቀመጫው ተሰባበረ፣ ወለሉ ብቻ እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

ዘንድሮ እድሳት መጣ። መሐንዲሷ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት ናት። በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ወለሉ ሲረግጡት እንደሚረግብ አየችና ሦስት ጣውላ አስነሳች። ሥሩ ጠቁሯል። የአናጢዎቹ አለቃ አንዱን በአውራ ጣቱ ቢጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠለት።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይህን ያነጠፈው ሰው እንጨት አያውቅም። እርጥቡን ነው የዘረጋው» አለ።

ጋሽ ካልሲ ክው አለ። መሐንዲሷም ወለሉ እንዳለ ተነስቶ ሲሚንቶ እንደሚፈስ፣ በላዩ ላስቲክ እንደሚነጠፍ ተናገረች። ላስቲክ በውሃ ይታጠባል፤ ሰምም አይፈልግ፣ ካልሲም አይፈልግ።

ድንጋጤው ገና ከላዩ ሳይወርድ አለቃው በግድግዳው ሥር ወዳለ ቀዳዳ እጁን ሰደደና በሥርዓት የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ጨርቅ ጎትቶ አወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። አሥራ አንድ ሆኑ። ማነው ደግሞ ለወለል ዳይፐር ያሰረለት፣ ቢል ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። መሐንዲሷ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ቀዳዳዎቹን አየችና፣ «እኮ የወለሉ ሥር በዚህ ነበር የሚተነፍሰው፤ ታፍኖ ነው የበሰበሰው» አለች፣ ለራሷ።

ጋሽ ካልሲ ጨርቆቹን አወቃቸው። ጨርቆቹን የጠቀለለው እሱ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሰሜን በኩል ያለው መንገድ ሲቆፈር፣ በእነዚያ ቀዳዳዎች የሚገባው አቧራ በጣውላው ስንጥቅ እየወጣ የቀባውን ሰም እየሸፈነ አስቸገረው። የመጋዘኑ ትርፍ ቀዳዳ መስሎት ከውጭ በኩል አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀጠቃቸው፤ በየዓመቱም ጨርቆቹን እያወጣ አጥቦ ይመልሳቸው ነበር። ለካ እንደ ልጅ ያቀፈውን ወለል በገዛ እጁ ሲያፍነው ኖሯል። ስማቸው የጠፋው ደግሞ አፈር የተጫናቸው አማቱ! ዝም ቢል የሚያውቅ የለም። ቢናገር፣ ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ከሥራ ሊባረር ነው።

እቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞታል። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«አባቴ ያንን ጣውላ ሁለት ዓመት አድርቆ ነው ያነጠፈው» አለችው። «እንዴት ሆኖ ነው እርጥብ ነበር የሚሉት?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጨርቁን የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ፣ አላት። ነጠላዋን አነሳችና፣ ተነስ እንሂድ፣ አለችው።

አዳራሹ ሲደርሱ ከድንጋጤው የተነሳ ጫማውን ሳያወልቅ ወለሉ ላይ ወጣ። ያየው የአዳራሹ ዘበኛ ሰው የሞተ መሰለው።

«ያፈንኩት እኔ ነኝ» አላት መሐንዲሷን። «አቧራ እንዳይገባ ብዬ ነው። የሰሜኑን ብቻ ነው የደፈንኩት፣ የደቡቡን አልነካሁትም። ያነጠፉት አማቴ ናቸው፤ እሳቸው ምንም አላጠፉም።»

መሐንዲሷ አልተቆጣችም። የደቡቡን እርግጠኛ ነዎት አልነኩትም፣ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ከዚያ በደቡብ በኩል ጣውላ አስነሳች። ሥሩ ደረቅ፣ ንጹሕ፤ አማቱ በእርሳስ የጻፏቸው ቁጥሮች እንኳ አልደበዘዙም። አለቃው በጉልበቱ ተንበርክኮ አንኳኳው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። አሁን ክው ያለው እሱ ነው። ቆቡን አወለቀና ወደ ሚስትየው ዞረ።

«እትዬ፣ አባትዎ ይቅር ይበሉኝ። እንጨት የማላውቀው እኔ ነኝ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ከፍተው ከፍተው አዩት፤ ከሰሜኑ ጠርዝ በቀር ሁሉም ደህና ነው። ዛሬ የወጣው ደብዳቤ ስምንት ጣውላ ብቻ እንዲተካ፣ ሌላው ባለበት እንዲቆይ ይላል። ለጋሽ ካልሲ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ከነትእዛዙ ደርሶታል፤ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ እየሰማ የላላውን ሁሉ ለአናጢዎቹ እንዲያሳይ። አልባረሩትም! እሱ ግን ገና አላመነም፤ ወረቀቱን እያገላበጠ ተቀምጧል። ሚስቱ፣ የወለሉን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጨርቆቹ ግን ዘጠኝ ዓመት የፈለግኋቸው የመኝታ ቤት መጋረጃዎቼ ናቸው፣ ብላዋለች።

እኔም ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። በዚህ ወለል ላይ ስትጫወት የኖረችው የድሮዋ የመረብ ኳስ ቡድን አምበል ከገበያው ጀርባ ልብስ ትሰፋለች፤ ወለሉ ሊነሳ ነው ካሏት ወዲህ ከሰው አልተነጋገረችም። ሱቋን ሳትዘጋ የምሥራቹን ይዤ ልድረስባት።