ከአጥሩ ውስጥ የቀሩት መቃብሮች

ከደብረ ኤልያስ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። አባቴ ሻንጣዬን ራሳቸው ተሸክመው እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝና፣ «በይ እመብርሃን ትከተልሽ» ብለው መኪናው ሳይነሳ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ዲቪ ለደረሰው ሰው አይለቀስም ተብሎ ነው መሰለኝ፣ ማንም አላለቀሰም።

ያረፍኩት ቴክሳስ ነው፣ የሜክሲኮ ድንበር አጠገብ። ሙቀቱን ምን ልበላችሁ፣ የዓባይን በረሃ በሚያዝያ አስቡት፣ ያውም ጥላ የሚሆን ዛፍ ሳይኖር። ቤት ያከራዩኝ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ሽማግሌ ከብት አርቢ ናቸው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የቆየ ጠመንጃ ተሰቅሏል።

«የቅድመ አያቴ ነው» አሉኝ። «በጎ ፈቃደኛ ወታደር ነበር። ከቴነሲ ግዛት በፈረስ መጥቶ ሜክሲኮዎችን ወጋ፤ ይህን መሬት በዚያ አገኘ።»

«ከዚያ በፊትስ የማን ነበር?»

«የማንም። ባዶ ነበር።»

ባዶ ከሆነ ታዲያ ማንን ወጋ? ልጠይቅ አልኩና ውሉን ገና አለመፈረሜ ትዝ አለኝ።

መሬቱ የማን እንደነበር የነገሩኝ ሜክሲካዊቷ ጎረቤቴ ዶኛ ኤልቪራ ናቸው፤ «ዶኛ» እንደ እኛ «እሜቴ» ማለት ነው። ቶርቲያ በቃሪያ ይዘውልኝ የመጡ ዕለት ነው፤ የእኛን የበቆሎ ቂጣ ይመስላል፣ ቃሪያው ደግሞ አገሬን አስታውሶኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አሜሪካውያን ሰፋሪዎችና ወታደሮች ሲመጡ የዶኛ ኤልቪራ ዘመዶች የድንበሩን ወንዝ ተሻግረው ሸሹ፤ ሲመለሱ መሬቱ ታጥሮ ጠበቃቸው። መቃብራቸውም ከአጥሩ ውስጥ፣ ከእኔ ቤት ጀርባ ቀረ።

ጥቅምት ሲያልቅ ሜክሲኮዎች ለሙታን አበባ ይወስዳሉ፣ እንደ ተዝካር ያለ ነገር ነው። ዶኛ ኤልቪራ ግን አጥሩ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ገብተው አያውቁም። ከቤቱ ቢያስወጡኝስ እያልኩ ፈራ ተባ ብዬ እንዲያስገቧቸው ሚስተር ዋልተርን ጠየቅኋቸው።

«ዛሬ አበባ፣ ነገ ጠበቃ ይዘው ይመጣሉ» አሉ።

«አሮጊት ናቸው፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ብቻቸውን ናቸው።»

«ቅድመ አያቴም ሲመጣ ብቻውን ነበር።»

ይህን ብለው ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ጠመንጃ ዞሩ።

በበዓሉ ጠዋት ግን የአጥሩን በር የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ዶኛ ኤልቪራ የመቃብሮቹን ድንጋይ በጨርቅ ጠረጉና የተጻፉባቸውን ስሞች ጮክ ብለው አነበቡ። ሚስተር ዋልተር ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ከዚያ መልሰው ቆለፉት።

«ለከርሞስ?» አልኳቸው።

«እናያለን።»

እሑድ ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም አወራኋቸው። ስለ ርስት ሲወራ አይጠግቡም፣ የእያንዳንዱን አያት ስም አስቆጠሩኝ።

«አሁን ሁለቱ ሰላም ይባባላሉ?» አሉኝ።

«ከሩቅ እጅ ይነሳሳሉ።»

«አንቺስ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚያው ልትቀበሪ ነው?»

«አባባ፣ ጤፉ ታጨደ?» አልኳቸው።

«ገና ነው ልጄ» አሉ።