የአባባ ሕንድኛ

ከድሬዳዋ የወጣሁ ለት ማታ ቤታችን በሸኚ ተሞልቶ፣ አንዱ ሲጸልይልኝ ሌላው ሲመክረኝ፣ አባባ ብቻ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ተራው ደርሶ ይመርቀኛል ብዬ ጎንበስ ስል «እዚያ አገር ሕንዶች ሞልተዋል አሉ፤ አትቸገሪም፣ ቋንቋቸውን አስተምሬሻለሁ» አለኝ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ አለቀስኩ።

አባባን የማታውቁት ካላችሁ፣ ለገሃሬ ቪዲዮ ቤት የነበረው ተርጓሚው ጋሽ ተፈራ ማለት ነው። የሕንድ ፊልም ከፍቶ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዞ ቆሞ ወደ አማርኛ ይመልሰው ነበር። ሕንድኛ ግን አንዲት ቃል አይችልም። የተዋናዮቹን ፊት አይቶ፣ ሙዚቃውን ሰምቶ፣ የቀረውን ከራሱ ይጨምርበታል። ሴትዮዋ እያለቀሰች ስትሮጥ «ወይኔ፣ እናቴን ሳልሰናበት!» ይላል፤ ሰዉ አብሯት ያለቅሳል። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም። አፍቃሪው መጨረሻ ላይ ከሞተ፣ ሞተ ብሎ አይናገርም። ሬሳው ፊታችን ተዘርግቶ «አልሞተም» ይላል በማይኩ፣ «ሩቅ አገር ሄዷል»። እኔና ታናሽ እህቴ ማርታ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እናምነው ነበር። ጌታን ተቀብሎ ቪዲዮ ቤቱን ከዘጋ በኋላ እንኳ እራት ላይ ፊልም መተረኩን አልተወም።

ሜልበርን ደረስኩና ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ሥራ ገባሁ። ስለ አየሩ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ድሬ አንድ ሙቀት ይዞን ይከርማል፣ እዚህ ጠዋት በፀሐይ ወጥቼ ምሳ ሳልበላ በረዶ ይወርድብኛል። ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ቤት ስከራይ አከራዬ ሕንዳዊ ሆኖ ቁጭ። ሚስተር ራጀሽ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው። ልቤ በደስታ ዘለለ። የቤቱን አያያዝ ሊያዩ፣ ለኢንስፔክሽን የመጡ ቀን በሩን ከፍቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አባባ ባስተማረኝ ሕንድኛ «ቹፕ ራሆ!» አልኳቸው። ፊልም ላይ አማት ወደ ምራቷ ቤት ስትገባ የምትለው ነው፤ አባባ «ሰላም ለዚህ ቤት» ብሎ ነው የሚተረጉመው።

ሰውየው በር ላይ ደረቁ።

«ምን አልሽኝ?»

«ሰላም ለዚህ ቤት።»

«ዝም በል ነው ያልሽኝ! በገዛ ቤቴ!»

ተቆጥተው ኩሽና ገቡና አፍንጫቸውን አነሱ። «ይሄ የምን ሽታ ነው?»

«በርበሬ ነው።»

«የቅመም ሽታ ክልክል ነው። ካርፔቱ ይይዘዋል።»

ከሸሚዛቸው የሚወጣው የከሙን ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። «እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ ባለቤቱ ነኝ» አሉኝ።

ስለ አባባ ትርጉም ስነግራቸው ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በሳምንቱ ድንች የተሞላ ሳምቡሳ ይዘውልኝ መጡ። ሳምቡሳ ያለ ምስር ምን ይሆናል? በላሁት እንጂ።

ይህን ሰምቶ እንዲስቅ ለአባባ ደወልኩ። ማርታ አነሳችና «ተኝቷል» አለችኝ። ሌላ ቀን ስደውል «ጸሎት ቤት ሄዷል»። ደግሜ ስደውል «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል»። «እንግዲያው በቪዲዮ አሳዪኝ፣ ልየው ብቻ» ስላት ኔትወርኩ ተቋረጠ። ስደት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የኛ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም። እዚህ ያለ ሰው ተፈልጎ፣ የቸርች ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው በርሽን እስኪያንኳኩ ድረስ ሁሉም ሰው ደህና ነው። ይህን እያወቅሁ ማርታን አጥብቄ አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።

በዚያው ሰሞን ሚስተር ራጀሽ የሰፈሩ አዳራሽ የሕንድ ፊልም እንደሚያሳይ ነገሩኝ። «ካርቱን ነው፣ ግን የፍቅር ታሪክ ነው። ኮምፒዩተር አልነካውም፤ እያንዳንዱ ሥዕል በእጅ፣ በብሩሽ የተቀባ ነው» አሉኝ። ለአባባ የምነግረው ነገር አገኘሁ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ።

የሸክላ ሠሪ ሴት ልጅና አንድ ወጣት ጀልባ ቀዛፊ ናቸው የሚዋደዱት። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ከሥር ይጻፋል፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕንድ ፊልም ምን እንደሚል ገባኝ። ጆሮዬ ግን የአባባን ማይክ ይጠብቅ ነበር። ልጅቱ ወንዙ ዳር ዝም ብላ ቆማ ጉንጯ፣ ሻሿ፣ ሁለመናዋ ይርገበገባል።

«ለምንድነው የምትንቀጠቀጠው?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አንድን ፊት ሁለቴ ብትስዪው እኩል አይወጣልሽም። በየሥዕሉ ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ ነው።»

መጨረሻ ላይ ጎርፍ ጀልባዋን ገለበጣት፤ ልጁን አሸዋው ላይ አስተኙት። ደረቱን ሳየው ከፍ ዝቅ ይላል። «አልሞተም! እየተነፈሰ ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ ያውም በአማርኛ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በእንግሊዝኛ ደገምኩላቸው።

ሚስተር ራጀሽ እጄን ያዙኝ። «ሞቷል፣ ልጄ» አሉኝ። «የሚንቀሳቀሰው ቀለሙ ነው።»

መብራት ሲበራ መነሣት አቃተኝ። ለጀልባ ቀዛፊ የማይለቀስ ለቅሶ አለቀስኩ፤ እሳቸውም አዳራሹ ባዶ እስኪሆን አጠገቤ ተቀመጡ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ደወልኩ።

«ማርታ፣ ፊልም አይቻለሁ። ለአባባ ትነግሪልኛለሽ?»

«እነግረዋለሁ፣ አልሚዬ» አለች።

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ወንዙን፣ ሸክላውን፣ እንዴት በእጅ እንደተቀባ። መጀመሪያ እሺ እሺ ስትል ቆይታ፣ በኋላ እንደ ልጅነታችን ጓጓች። ጎርፉ ጋ ስደርስ ራሷን ረስታ «ልጁስ? ሞተ?» አለችኝ።

«አልሞተም» አልኳት። «ሩቅ አገር ሄዷል።»

ማርታ አፏን በእጇ አፍና ስታለቅስ ሰማኋት። አውቶቡሱ መጣ፤ ሳልሳፈር አለፈ።

«እንደዚያ ብለሽ ንገሪው» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ፣ «እነግረዋለሁ።»

ይህን የምጽፍላችሁ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ቤቱን ጠርጌ፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ፣ ከሚስተር ራጀሽ ወንበር ተውሻለሁ። «ድግስ አለሽ?» አሉኝ፤ «እንግዳ ይመጣብኛል» አልኳቸው። መኪና በቆመ ቁጥር ከመስኮት አያለሁ። እስካሁን በሬን ያንኳኳ የለም።