ለትርንጎ የሚሆን ቸርኬ

ከጎንደር ማለዳ የተነሣሁት ሁለት ጥንድ የብስክሌት ቸርኬ ይዤ ነው። ብስክሌቱ ያለው ደባርቅ፣ የእህቴ ልጅ ትርንጎ ዘንድ ነው። ትርንጎ ጎንደር ላይ የክለብ ተወዳዳሪዎች በሚመረጡበት ውድድር ልትሳተፍ ጥቂት ሳምንት ቀርቷታል። ያላት አንድ ጥንድ የውድድር ቸርኬ ብቻ ሲሆን፣ በሱው ልምምድ እየሠራች ሁለቴ ሰብራዋለች። ዳግመኛ ከተሰበረ ውድድሩ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ለየዕለቱ ልምምድ የሚበረክት ሌላ ጥንድ ልንመርጥና የውድድሩን ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው ተስማማን። ካመጣኋቸው አንዱን ታስቀራለች፤ ሌላውን ለባለሱቁ እመልሳለሁ።

ልቤ ያረፈው ቀለል ባለው ጥንድ ላይ ነበር፤ ጥቁር፣ ሽቦው ጥቂት፣ በአንድ ጣት የሚነሣ። ሌላው ሽቦው የበዛ፣ ከባድና መልከ ጥፉ ነው። መንገዱ እስከ ደባርቅ አስፋልት ከሆነ ክብደት ምን ያደርግላታል ብዬ ነበር።

የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሲያስራቸው እንደ አንድ ተሳፋሪ አስከፈለኝ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ የገብስ ጆንያ ሊጭንባቸው ሲል ወጥቼ አወረድኳቸውና ታቅፌያቸው ተቀመጥኩ።

"ብስክሌቱስ ወዴት ሄደ፣ ልጄ?" አሉኝ አጠገቤ የነበሩ እናት።

"ቀድሞኝ ደባርቅ ገብቷል፣ እማማ።"

ከዳባት ወዲያ ገብሱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል፤ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ይህን አገር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሁንም አልጠግበውም።

ደባርቅ

በማግሥቱ ቀላሉን ገጠምንላት። ወደ ዳባት አቅጣጫ ስትነዳ እኔ በባጃጅ ተከተልኳት። አነዳዷ ያስቀናል፤ ትከሻዋ አይነቃነቅም፣ ዳገቱ ላይ ባጃጁ ሲያቃስት እሷ ዝም ብላ ትወጣለች። ቀኑ ገበያ ነበርና አህያ የሚነዱ ሰዎች መጡ። ደወል አልደወለችም፤ ከአስፋልቱ ወርዳ በጠጠሩ ላይ አለፈቻቸው። ትንሽ ቆይቶ ለአንድ ቄስም እንዲሁ አደረገች። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ቀብር ገጠመን። ትርንጎ እንደ ደረጃ ከሚወርደው የአስፋልት ጠርዝ በፍጥነት ወጣች፤ ከብስክሌቱ ወርዳ፣ ሄልሜቷን አውልቃ፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ለቀስተኛው አልፎ ሲያበቃ ቸርኬውን አየነው፤ አንድ ሽቦ ተበጥሷል። ሽቦው ጥቂት ስለሆነ አንዱ ሲሄድ ቸርኬው ተጣሞ ከፍሬኑ ጋር ይፋተጋል፣ አይነዳም። ብስክሌቱን ባጃጅ ላይ ጭነን ተመለስን። ሽቦውን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተካሁት።

ምሳ ላይ ምክር አማረኝ። "እስከ ውድድሩ ከአስፋልት አትውረጂ፤ ደወል አለሽ አይደል?" አልኳት።

የመለሰችልኝ እናቷ፣ ታላቅ እህቴ ናት።

"አንተ ያለኸው ጎንደር ነው። እዚህ ሴት ልጅ በቁምጣ ብስክሌት ስትነዳ ማን ዝም ይላል? ዝም ያሏት መንገድ ስለምትለቅ ነው። በሽማግሌ ላይ ደወል የደወለች ዕለት፣ ብስክሌቱን እኔው ራሴ እቆልፍባታለሁ።"

"እታለም፣ ይህን መች ነገርሽኝ?"

"መች ጠየቅኸኝ?"

ቸርኬ የምትሰብረው በግድ የለሽነት ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ኮራሁባት።

ቡይት ራስ

በሦስተኛው ቀን ከባዱን ገጠምን። ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች፣ ወደ ቡይት ራስ የሚወጣው መንገድ ጠጠር ነው፤ ዘግይታ፣ ላብ በላብ ሆና ደረሰች። ስትመለስ ከብት መንገዱን ሞልቶት በቦዩ ውስጥ አለፈች። ቤት ስንገባ ቸርኬዎቹን በእጄ አሽከረከርኳቸው፤ ቀጥ ብለው ይዞራሉ። እነዚህ አንድ ሽቦ ቢበጠስባቸው እንኳ የቀሩት ተሸክመው ቤት ያደርሷታል።

"ይከብዳል አይደል?" አልኳት።

"ይክበደኝ፣ አጎቴ። የውድድሩ ዕለት ይቀለኛል።"

የውድድሩን ጥንድ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

ጎንደር

በማግሥቱ ማምሻውን ቀላሉን ጥንድ ታቅፌ ቤቴ ገባሁ። በብስክሌት ጥገና ሥራዬ ለስንቱ ብስክሌተኛ ቸርኬ ስመርጥ መንገዱን ብቻ ነበር የማየው፤ መንገዱ ላይ ማን እንዳለ ማየትን ከትርንጎ ተማርኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ እህቴ ደወለች። ያን ቀን ቀብሩ ላይ የነበሩ አንድ የዕድር ሽማግሌ ውድድሩ መቼ እንደሆነ ሊጠይቁ ቤቷ መጥተው ነበር። ከጎረቤት ጋር ሚኒባስ ተኮናትረው ጎንደር ሊወርዱ አስበዋል።

"ምን አሉ መሰለህ፣" አለችኝ። "'ሁልጊዜ የምትለቅልን እሷ ናት፤ ያን ቀን ዳር ቆመን እኛ እንለቅላታለን' አሉ።"